አስተማማኝ ሆስቲንግ በመውጫው ይታወቃል፦ «ለትንሽ ማኅበር ርካሹ ይበቃል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ወር በሰሜን ሸዋ ባሉ የገበሬ ማኅበራትና የልማት ሠራተኞች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሰነበተ አንድ ጽሑፍ ለእኔም ደርሶኝ ደጋግሜ አነበብኩት። ጽሑፉ ትናንሽ ማኅበራት የአባሎቻቸውን መዝገብና የጥያቄና መልስ ክምችታቸውን በኢንተርኔት ላይ ሲያኖሩ ሰርቨር (መዝገቡ የሚቀመጥበትን ዘወትር ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ ኮምፒውተር) የሚያከራያቸውን፣ ማለትም የሆስቲንግ ድርጅት፣ እንዴት ሊመርጡ እንደሚገባ ይመክራል። ምክሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ ማኅበሩ ትንሽ ስለሆነ ርካሹ ሼርድ ሆስቲንግ፣ ማለትም ብዙ ደንበኞች አንድ ሰርቨር የሚጋሩበት ኪራይ፣ ይበቃዋል፤ ሰርቨሩ ከጊዜው 99.9 በመቶውን ሳይቋረጥ እንደሚሠራ ዋስትና የሰጠ ድርጅት አስተማማኝ ነው፤ «ያልተገደበ» የሚባለውን ጥቅል መግዛት ለወደፊቱ ከሐሳብ ያሳርፋል፤ መጠባበቂያ ቅጂውን ድርጅቱ ስለሚይዝ ማኅበሩ በዚያ መድከም የለበትም፤ ሰርቨሩ አገር ውስጥ ሲሆን ይፈጥናል፤ ዶሜይኑንም (የድረ ገጹን አድራሻ ስም) ከዚያው ድርጅት በስጦታ መቀበል ይሻላል።

ጸሐፊው ይህን የጻፉት በቅን ልቦና እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ማኅበራቱ ገንዘብ እንዳይባክንባቸው ማሰባቸው በየመስመሩ ይታያል። ይሁን እንጂ እኔ ደብረ ብርሃን ተቀምጬ የበግ አርቢዎችን መዝገብ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ስከታተል ያየሁት ነገር ከምክሩ ጋር በብዙ ቦታ አይገጥምም። መዝገቡ ግልገሉ የተወለደበትን ቀን፣ የልደት ክብደቱን፣ የእናቱንና የአውራውን መለያ፣ እንዲሁም አርቢዎች ጠይቀው የእንስሳት ሐኪሞች የመለሱትን የሚይዝ ነው። መንዝ ላይ የትኛው አውራ በግ ለዘር ይቅር፣ የትኛው ይሸጥ የሚለው ውሳኔ በዚህ መዝገብ ላይ የሚቆም ስለሆነ፣ የጠፋ መዝገብ ማለት የጠፋ የዘር ሐረግ ማለት ነው። ስለዚህ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ለማየት እሞክራለሁ።

የመጀመሪያው የ99.9 በመቶ ዋስትና ነው። ጸሐፊው ይህን ቁጥር «መቶ በመቶ ሊባል ምንም ያልቀረው» ይሉታል። በ30 ቀን ወር ውስጥ 43,200 ደቂቃ አለ፤ ሰርቨሩ ዋስትናውን ሳያፈርስ ሊቋረጥ የሚችልበት የዚህ አንድ ሺኛ 43 ደቂቃ ያህል ይሆናል፤ በዓመት ሲታሰብ ከስምንት ሰዓት ተኩል ይበልጣል። ይህ ለማኅበራችን የሚከፋ አይደለም፤ የመሐል ሜዳ አርቢ ጥያቄውን ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢልክ አይጎዳም። ችግሩ ያለው ቁጥሩ ምንን እንደሚቆጥር ባለመጠየቁ ነው። አብዛኛው የውል ጽሑፍ አስቀድሞ የተነገረ የጥገና ጊዜን ከሒሳቡ ያስወጣል፤ የሚለካውም ሰርቨሩ በሥራ ላይ መሆኑንና ኔትወርኩ መድረሱን እንጂ ዳታቤዙ (መዝገቡን የሚያከማቸው ፕሮግራም) በትክክል መመለሱን አይደለም። ዋስትናው ቢፈርስ ደግሞ የሚገኘው ካሳ ከቀጣዩ ወር ክፍያ ላይ የሚቀነስ ጥቂት መቶኛ ነው። በወር 400 ብር የሚከፍል ማኅበር 10 በመቶ ቢመለስለት የሚያገኘው 40 ብር ነው። ስለዚህ ይህ ቁጥር የዋጋ ቅናሽ ደንብ ሆኖ ሊነበብ ይገባዋል፤ ስለ መዝገቡ ደኅንነት የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። ሰርቨሩ አንድም ደቂቃ ሳይጠፋ መዝገቡ ሊጠፋ ይችላል፤ ይህ በእኛ ላይ ደርሷል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሁለተኛው «ያልተገደበ» የሚለው ጥቅል ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክለኛውን ጥያቄ ሳይጠይቁ አልፈዋል ብዬ አምናለሁ፤ ጥያቄው «ለእኛ ስንት ይበቃናል?» የሚለው ነውና። የአማርኛ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው የኮምፒውተር የፊደል ሥርዓት ሲጻፍ እያንዳንዱ ሦስት ባይት (የማከማቻ ቦታ መለኪያ) ይይዛል። 500 ፊደል ያለው መልስ ስለዚህ ከ1,500 ባይት አይበልጥም፤ እንዲህ ያለ 20,000 ጥያቄና መልስ ቢከማች 30 ሜጋባይት ቢሆን ነው፤ ይህም አንድ አጭር ቪዲዮ የሚይዘውን ያህል ቦታ ነው። ቦታውን የሚጨርሰው ፎቶ ነው። አርቢው የታመመ በግ አፍ በስልኩ አንስቶ ሲልክ አንዱ ፎቶ 3 ሜጋባይት ይሆናል፤ 20,000 ፎቶ 60 ጊጋባይት ማለት ነው። ሲገባ ወደ 150 ኪሎባይት እንዲያንስ ቢደረግ ግን ሁሉም በ3 ጊጋባይት ያልቃል፤ ሐኪሙም በአፉ ላይ ያለውን ቁስል ያለ ችግር ይለያል። እንግዲህ ማኅበሩ የሚፈልገው ወሰን የሌለው ቦታ ሳይሆን ፎቶ የሚያሳንስ አንድ ትንሽ ቅንብር ነው።

በዚያ ላይ «ያልተገደበ» የተባለው ሁሉ ወሰን አለው፤ ወሰኑ የተቀመጠው ሌላ ቦታ ነው። በሼርድ ሆስቲንግ ላይ አንድ ደንበኛ ሊይዝ የሚችለው የፋይል ብዛት፣ በአንድ ጊዜ ሊሠራ የሚችለው የፒኤችፒ (ገጾቹን የሚያዘጋጀው የፕሮግራም ቋንቋ) ሥራ ብዛት፣ የሚያገኘው የፕሮሰሰርና የሜሞሪ ድርሻ ሁሉ ይቆጠራል። በአንድ የክትባት ሳምንት ሠላሳና አርባ የልማት ሠራተኞች በአንድ ሰዓት ውስጥ መዝገብ ሊያስገቡ ሲሞክሩ 508 የሚል የስሕተት ቁጥር ወጥቶባቸው ደውለውልኛል፤ ትርጉሙ «የተመደበላችሁ ድርሻ አልቋል» ማለት ነው። ዲስኩ በዚያ ሰዓት ሩቡ እንኳ አልሞላም ነበር።

በዚሁ ነጥብ ሥር ለአማርኛ ተጠቃሚ ልዩ የሆነና ጸሐፊው ያልነኩት ጉዳይ አለ፤ ትንሽ ልቆይበት። ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ በሙሉ ጽሑፍ ፍለጋው (በመልሶቹ ውስጥ ቃል በሚፈልግበት አሠራር) ላይ ከተወሰነ ፊደል ብዛት ያነሰን ቃል አይመዘግብም። ዳታቤዙ መረጃ ከሚያከማችባቸው መንገዶች አንዱ በሆነው በኢኖዲቢ አሠራር ሲጀመር የተቀመጠው ዝቅተኛ መጠን 3 ፊደል ሲሆን፣ በቆየው ማይአይሳም ደግሞ 4 ነው። ለእንግሊዝኛ ይህ ብዙም አይጎዳም፤ አማርኛ ግን በአንድ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ ቃሎቹ በቁጥር አጭር ናቸው። «በግ» ሁለት ፊደል ነው። «ሳል» ሁለት ፊደል ነው። «ጉበት» ሦስት ነው። አንድ የአንጎለላ የልማት ሠራተኛ «ሳል» ብሎ ፈልጎ «ምንም አልተገኘም» የሚል መልስ ሲያይ ስለ በግ ሳል የሰፈሩ አሥራ ሰባት መልሶች መዝገቡ ውስጥ ነበሩ። ይህን መጠን ዝቅ ማድረግ የሚቻለው በዳታቤዙ ዋና ቅንብር ላይ ነው፤ ዳታቤዙ ተዘግቶ እንደገና መነሣት፣ ኢንዴክሱም (የቃላቱ ማውጫ) እንደገና መሠራት አለበት፤ ቅንብሩ ደግሞ በሰርቨሩ ላይ ያሉትን ደንበኞች ሁሉ የሚነካ ስለሆነ የሼርድ ሆስቲንግ ተከራይ ሊቀይረው አይችልም። ስለዚህ «ማኅበሩ ትንሽ ነውና ርካሹ ይበቃዋል» ሲባል ትንሽነቱ በአባል ብዛት ብቻ የሚለካ ይመስላል፤ የሚጻፍበት ቋንቋም ፍላጎት አለው። ከመግዛት በፊት ለድርጅቱ ይህን አንድ ጥያቄ በጽሑፍ መላክ ስለ ሰርቨሩም ስለ ሰዎቹም ብዙ ያስረዳል፤ የሚያውቅ ባለሙያ ያለው ድርጅት «አይቻልም» ቢል እንኳ ምክንያቱን ጨምሮ ይመልሳል።

በአንድ ነገር ግን ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ፦ የሚጠብቀው ሰው የሌለው ማኅበር ቪፒኤስ፣ ማለትም ተከራዩ ራሱ የሚያስተዳድረውን ለብቻው የተከፈለ ሰርቨር፣ መከራየት የለበትም። ቪፒኤስ ባዶ ቤት ነው፤ በሩን መቆለፍ፣ የጥበቃ ማሻሻያዎችን በጊዜው መጫን፣ ዲስኩ ሲሞላ ማየት የተከራዩ ሥራ ነው። ለሁለት ዓመት ያልታደሰ ቪፒኤስ ጥሩ ባለሙያ ካለው ሼርድ ሆስቲንግ እጅግ የከፋ ነው።

ሦስተኛው፣ ለእኔም ዋናው፣ ስለ መጠባበቂያ ቅጂ የተጻፈው ነው። «ድርጅቱ በየቀኑ ቅጂ ይይዛል፤ ማኅበሩ በዚህ ባይደክም ይሻላል» ይላሉ። ይህን ዓረፍተ ነገር በ2010 ዓ.ም. አንብቤው ቢሆን ኖሮ እኔም እስማማ ነበር።

በ2014 ክረምት ላይ ያኔ የነበርንበት ድርጅት፣ ስሙን ማንሳት አያስፈልግም፣ ደንበኞቹን ከአሮጌ ሰርቨር ወደ አዲስ አዛወረ። ዝውውሩ ሌሊት ተደርጎ ጠዋት «በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» የሚል መልእክት ደረሰን። መዝገቡን ስከፍተው ገጹ ቦታው ላይ ነበር፤ ሠንጠረዡም ነበር፤ ረድፎቹም አልጎደሉም። ፊደሉ ግን በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኗል። «2.3» የሚለው የግልገል ክብደት በደንብ ይነበባል፤ ከጎኑ የአርቢው ስምና የቀበሌው ስም በነበሩበት አራት የጥያቄ ምልክት፣ ባዶ ቦታ፣ ከዚያ አምስት የጥያቄ ምልክት ተደርድሯል። ስንት ፊደል እንደነበረ መቁጠር ይቻላል፤ ምን ፊደል እንደነበረ ማወቅ ግን አይቻልም። የሆነው ነገር ቀላል ነው፦ ቅጂው ከዳታቤዙ ሲወጣ ላቲን-1 በተባለው የፊደል ሥርዓት ወጣ፤ ያ ሥርዓት የግዕዝን ፊደል ስለማያውቅ ያላወቀውን ሁሉ በጥያቄ ምልክት ተካው። ከተተካ በኋላ የሚመለስበት መንገድ የለም። የድርጅቱ የየቀን ቅጂም በዚያው መንገድ የወጣ ስለነበር ሰባቱም ቀን የጥያቄ ምልክት ብቻ ነበር። ሰርቨሩ በዚያ ወር ለአንድ ደቂቃ እንኳ አልጠፋም።

በእጃችን ያለው ቅጂ የአራት ወር ዕድሜ ነበረው። የቀረውን ከአርቢዎች በስልክ እየጠየቅን እንደገና ጻፍን። ከሞላሌ አካባቢ አንድ አባት ሲደውሉልኝ ያሉኝን አልረሳውም፦ «ልጄ፣ እኔ እኮ ደብተሩን የጣልኩት እናንተ ይዛችሁልኛል ብዬ ነው።» እኔም የደብተሩን አደራ ለሌላ ሰጥቼ ተቀምጬ ነበር። አባቶች «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ሀብት ነው፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ ከዚያች ላም አይለይም።

ይህ የትንሽ ድርጅት ችግር ነው እንዳይባል በዓለም የታወቁ ሁለት ነገሮች ልጥቀስ። መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የኦቪኤች የመረጃ ማዕከል በእሳት ተያይዞ አንደኛው ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ወደመ። ኦቪኤች በአውሮፓ ካሉት ትልልቅ የሆስቲንግ ድርጅቶች አንዱ ነው። ቅጂያቸው በሌላ ቦታ የነበረ ደንበኞች በቀናት ውስጥ ተመለሱ፤ ቅጂያቸው እዚያው ግቢ ውስጥ የተቀመጠባቸው ግን ዳታውንም ቅጂውንም አንድ ላይ አጡ፤ አንዳንዶቹም ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወስደውታል። ከዚያ ቀደም ብሎ ጥር 23 ቀን 2009 ዓ.ም. ጊትላብ በተባለው የሶፍትዌር ድርጅት አንድ ባለሙያ ችግር ለማስተካከል ሲሞክር የዋናውን ዳታቤዝ ፎልደር በስሕተት ሰረዘ። ድርጅቱ አምስት ዓይነት የመጠባበቂያ ዘዴ ነበረው፤ በዚያ ሌሊት ግን አንዱም እንደታሰበው አልሠራም። የየቀኑ ቅጂ በሶፍትዌር ዕትም አለመጣጣም ምክንያት ሳይወጣ ቆይቶ ነበር፤ «አልወጣም» የሚለው የማስጠንቀቂያ ኢሜይልም ለማንም ሳይደርስ ይቀር ነበር። ያዳናቸው አንድ ባለሙያ ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ ያነሳው ቅጂ ነው። እነዚህ እውቀትም ገንዘብም ያላቸው ናቸው፤ የጎደላቸው ቅጂውን ከፍቶ ማየት ነበር።

ስለዚህ ድርጅት ሲመረጥ መጠየቅ ያለበት «ቅጂ ትይዛላችሁ?» የሚለው ብቻ አይደለም። «ሙሉ ዳታቤዙንና ፋይሎቹን እኔ ራሴ፣ የማንንም ፈቃድ ሳልጠይቅ፣ በፈለግሁት ቀን ማውረድ እችላለሁ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ዛሬ እኛ በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ ዳታቤዙን አውርደን ቢሮ ባለ ኮምፒውተር ላይ ከፍተን አሥር መዝገቦችን ከገበሬው ወረቀት ጋር እናመሳክራለን። ሥራው አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። የዳታቤዙ ፊደል ዩቲኤፍ-8-ኤምቢ-4 (ማይኤስኪውኤል ሙሉውን ዩቲኤፍ-8 የሚጠራበት ስም) መሆኑንም፣ ቅጂው ሲወጣ በዚያው መውጣቱንም በየጊዜው እናያለን። ይህን ማውረድ የሚከለክል ወይም ለብቻ የሚያስከፍል ድርጅት ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ እኔ አልመክረውም።

አራተኛው ሰርቨሩ አገር ውስጥ ይሁን የሚለው ነው። ይህን በአንድ በኩል እደግፋለሁ፤ በአዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ የግል የመረጃ ማዕከላት መሠራታቸው፣ በብር መክፈል መቻሉ፣ በአማርኛ ደውሎ ማነጋገር መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰዎች መረጃ ከአገር ሲወጣ መሟላት ያለባቸውን ሁኔታዎች ስለሚደነግግ የአባላትን ስምና ስልክ የሚይዝ ማኅበር ይህን ሊያስብበት ይገባል። ጸሐፊው ያቀረቡት ምክንያት ግን ፍጥነት ነው፤ እሱ ለእኛ ደካማ ምክንያት ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ገመዱ በጅቡቲ ወይም በኬንያ ዞሮ አውሮፓ ደርሶ ቢመለስ እንኳ የሚጨምረው የሰከንድ ጥቂት ክፍልፋይ ነው። ግሼ ላይ በደካማ ኔትወርክ የሚጠብቅ ሰው የሚዘገይበት ገጹ አርባና ሃምሳ ፋይል አንድ በአንድ ሲጠራ ነው። ፋይሎቹን ወደ አምስትና ስድስት መቀነስ፣ ጽሑፉንም ጨምቆ መላክ ከአገር አገር ከመዛወር ይበልጥ ይጠቅማል። በዘወትር አማርኛ የምንጽፍባቸው ፊደላት ከሦስቱ ባይት የመጀመሪያው ለሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ በደንብ ይጨመቃሉ።

ደግሞም ሰርቨሩ የትም ቢሆን መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት ሰርቨራችን ሥራ ላይ ነበር፤ አርቢው ግን አይደርስበትም ነበር። በዚያ ጊዜ ያገለገለን በቢሮ ኮምፒውተር ላይ የነበረው የወሩ ቅጂ ነው፤ ሐኪሞች የቀደሙ መልሶችን ከዚያ አትመው ወደየወረዳው ወስደዋል።

ስለ ዶሜይን በስጦታ መቀበል የተባለውን በጽኑ እቃወማለሁ። ስጦታው ለአንድ ዓመት ነው፤ በሁለተኛው ዓመት ዋጋው ይመጣል። ከዋጋው የሚብሰው ስሙ በማን ተመዘገበ የሚለው ነው። በማውቀው አንድ ማኅበር ዶሜይኑን በግል ኢሜይሉ ያስመዘገበው አንድ ወጣት ሠራተኛ ነበር፤ ወጣቱ ውጭ አገር ሄዶ ኢሜይሉንም መክፈት ተወ፤ «ጊዜው ሊያልፍ ነው» የሚለው ማስታወቂያ ማንም በማያየው ሳጥን ውስጥ ተከማቸ። ዶት ኮምን በመሰሉ ስሞች ጊዜው ካለፈና ከተሰረዘ በኋላ 30 ቀን የመቤዣ ጊዜ አለ፤ ክፍያው ግን ከመደበኛው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ያም ካለፈ ማንም ሊገዛው ይችላል። ዶሜይን ከሆስቲንጉ ተለይቶ፣ በማኅበሩ ስምና በማኅበሩ ኢሜይል ይመዝገብ፤ በኢትዮ ቴሌኮም የሚተዳደረው ዶት ኢቲ ቢሆንም እንዲሁ ነው። ዶሜይኑ በእጃቸው ያለ ማኅበር ከድርጅቱ ጋር ሲጣላ አድራሻውን ወደ ሌላ ሰርቨር አዙሮ በማግስቱ ሥራውን ይቀጥላል፤ ዶሜይኑ በድርጅቱ እጅ ያለ ማኅበር ግን ለመልቀቅ ፈቃድ ሲለምን ይከርማል።

ጸሐፊው በዚሁ አያይዘው ለኤስኤስኤል ሰርተፊኬት (በገጹና በተጠቃሚው መካከል የሚያልፈው መረጃ እንዲመሰጠር ለሚያስችለው ማረጋገጫ) በዓመት ገንዘብ መመደብ እንደሚያስፈልግ ጽፈዋል። አያስፈልግም። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፤ ለ90 ቀን ያገለግላል፤ ራሱን በራሱ እንዲያድስ ማድረግም ይቻላል። ይህን ነፃ ሰርተፊኬት ዘግቶ የራሱን በገንዘብ ብቻ የሚሸጥ ድርጅት ሌላውም ጥቅሉ በዚህ ዓይን ይታይ።

የመጨረሻው የዋጋ ንጽጽራቸው ነው። ሠንጠረዣቸው የመጀመሪያ ዓመት ዋጋን ብቻ ያነጻጽራል፤ ማኅበር ግን ለአንድ ዓመት አይቋቋምም፤ መታየት ያለበት የእድሳት ዋጋ ነው። በዶላር የሚከፈል ከሆነ ደግሞ የምንዛሪውን ለውጥ መጨመር ያስፈልጋል። በወር 5 ዶላር፣ በዓመት 60 ዶላር የሚጠይቅ ሰርቨር ዶላር በ57 ብር በነበረ ጊዜ 3,420 ብር ነበር፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዶላር 120 ብር ሲደርስ ያው ሰርቨር 7,200 ብር ሆነ። ማኅበሩ ከአባል መዋጮ የሚከፍል ከሆነ ይህ ልዩነት በጉባኤ የሚነሣ ነው፤ የባንክ ካርድ ያለው ዘመድ ውጭ አገር ሆኖ ይክፈልልን ማለትም ከላይ በወጣቱ እንዳየነው በአንድ ሰው መኖር ላይ መንጠልጠል ነው። ስለዚህ እኛ አሁን ባለንበት ድርጅት ከመዋዋላችን በፊት የሦስት ዓመት እድሳት ዋጋውን በጽሑፍ ጠየቅን፤ በሙከራው ወር አንድ ቅጂ አውርደን በሌላ ሰርቨር ላይ ከፈትን፤ «ሳል» ብለንም ፈለግን። አሥራ ሰባቱም መልሶች ወጡ፤ ውሉን የፈረምነው ከዚያ በኋላ ነው።